ነጯ ነጥብና የሐጂ ኑሩ ድንኳን

የአምቡላንስ ሹፌር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ግርማ ቁልፉን እየሰጡኝ፣ «ሙሄ፣ አይሱዙ ላይ የለመድከውን ክላክስ እርሳው፤ እዚህ ቤት የሚጮኸው ሌላ ነው» አሉኝ። ሲሪኑን ማለታቸው ነበር። ደስ አለኝ። ለዓመታት ከኮምቦልቻ ደሴ ብረትና ሲሚንቶ ጭኜ ስመላለስ፣ መብራት እያብለጨለጨ ለመጣ ሁሉ መንገድ ስለቅ ነው የኖርኩት። አሁን ተራው የኔ ነው፤ ሲሪኑን ስነካው አገር ምድሩ ጥግ ይይዝልኛል ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ደረቴ የተነፈሰው በዚያው ቀን ነው። ከሐርቡ ምጥ የጠናባት ሴት አንስተን ወደ ደሴ ሆስፒታል ስንወጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ ከአንድ ሲኖትራክ ኋላ ተቀረቀርን። ሲሪኑ ይጮኻል፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ሴትዮዋ ትጮኻለች። ሲኖትራኩ መስኮቱን ዘግቶ፣ መንዙማውን ከፍቶ፣ በሰላም ዳገቱን ይገፋል። ከኋላ ታካሚዋን የያዘችው ሲስተር ተዋበች በትንሿ መስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ሙሄ፣ ልጁ እዚሁ ከተወለደ ስሙን ሐረጎ ነው የምንለው» አለችኝ። ደግነቱ ደረስን። ልጅቷም ሌላ ስም ወጣላት።

ሲስተር ተዋበች ከኔ ቀድማ የገባች አዋላጅ ነርስ ናት። በመኪናው የኋላ ክፍል ያለው ሁሉ፣ ቃሬዛውም፣ ኦክስጅኑም፣ ግሉኮሱም የሷ ግዛት ነው። የኔ ግዛት መሪውና ፍሬኑ ነው። ድንበር ተጋፍተን አናውቅም፤ ምላሷ ግን ድንበር የለውም።

ሐረጎን ለማያውቅ ላስረዳ። መንገዱ ከኮምቦልቻ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ ይወጣል። ባንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ተራራ ነው። ድምፅ ከተራራው ይላተምና ይመለሳል፤ ከኋላህ የሚመጣው ሲሪን ከፊትህ የመጣ ይመስልሃል። ስለዚህ ልቡ ደግ የሆነ ሹፌር እንኳ ሲሪን ሲሰማ ደንግጦ የሚቆመው ኩርባው ላይ ነው፤ ማለፍ ፈጽሞ በማይቻልበት ቦታ። በዚያ ላይ የደሴ ጉም ሲወርድ የጣሪያችንን መብራት የሚያይ የለም።

የመጀመሪያውን መላ ያመጣነው እኛው ነን። የሚኒባስና የጭነት ሹፌሮች ቴሌግራም ላይ ቡድን ነበራቸው፤ ትራፊክ ፖሊስ የት እንደቆመ የሚነጋገሩበት ነው። አቶ ግርማ ይህንን እንዳልሰሙ ሆነው፣ «እስቲ እኛንም አስገቡን» አሉ። ከኮምቦልቻ ስንወጣ ሲስተር ተዋበች «አምቡላንስ ሐረጎ ገባ» ብላ ትጽፋለች፤ ከፊት ያሉት ረዳቶች ያነቡና ለሹፌሮቻቸው ይነግራሉ፤ መንገዱ ሰፋ ያለበት ላይ ጥግ ይዘው ይጠብቁናል። ሠራልን። አላህ ይስጣቸው፣ ሹፌር ሲነገረው ደግ ነው።

ችግሩ እዚያ ቡድን ውስጥ «አምቡላንስ ገባ» ብሎ ለመጻፍ አምቡላንስ መሆን አለማስፈለጉ ነው። አንድ እሁድ መንገዱ በሙሉ ጥግ ይዞ ሲጠብቅ፣ ክላክስ እያስጮሁና እየጨፈሩ ያለፉት ሙሽሮች ሆኑ። የጻፈው ሚዜው ነው፤ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። አቶ ግርማ አስጠርተው፣ «ማን ታሞባችሁ ነው?» ቢሉት፣

«ጋሼ፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ ምሳ አቅርቦ እየጠበቀ ነበር» አላቸው።

«ማን ታመመ ነው የምልህ!»

«ወላሂ ጋሼ፣ ሙሽራው ራሱ ደህና አልነበረም። ላብ በላብ ሆኖ ነበር።»

የዚያን ቀን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን «አምቡላንስ ገባ» ሲባል ግማሹ ሹፌር «የማን ሰርግ ነው?» እያለ መሃል መንገዱን ይዞ መንዳት ጀመረ። ያ አላሳቀንም።

ኢንጂነር ሰላም የመጣችው ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ወጣት ናት። አንዲት ትንሽ ሳጥን ዳሽቦርዱ ሥር ገጠመችልን። ሳጥኗ ያለንበትን ቦታ ከሳተላይት እየተቀበለች ከፊታችን ላሉት ሹፌሮች ስልክ ትልካለች። «ሙሽራ ቢልክስ?» አልኳት። «አይችልም ጋሽ ሙሄ። እያንዳንዱ መልእክት ማኅተም አለው፤ ማኅተሙን መምታት የምትችለው ይህች ሳጥን ብቻ ናት። ማኅተም የሌለውን ስልኩ ራሱ ይጥለዋል» አለችኝ። ሲስተር ተዋበች በበኩሏ፣ «ሳጥኗን ለሰርግ እንዳታከራያት» አለችኝ።

የሹፌሮቹ ስልክ ላይ የሐረጎ ካርታ ይወጣል፤ እኛ ነጥብ ሆነን እንሄዳለን። ሲሪን ከተከፈተ ነጥቧ ቀይ ናት፤ ስልኩም ይጮኻል። ሲሪን ከጠፋ ነጭ ትሆናለች፤ ዝም ትላለች። ቀይዋ ነጥብ መጀመሪያ ሐረጎን የወጣችበትን ቀን አልረሳውም። ሲኖትራኩ፣ ሚኒባሱ፣ ገና በሩቅ ጥግ ጥጉን ይዘዋል። ሦስተኛ ማርሽ ይዤ ዳገቱን ስጨርስ፣ ነገሩ አልዋጥ ብሎኝ ሲስተር ተዋበችን «ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» አልኳት።

አሁን ወደ ሐጂ ኑሩ እንምጣ። ሐጂ ኮምቦልቻ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደግሞ መኖሪያ ቤት አላቸው። አያታቸው ከየመን የመጡ ነጋዴ ናቸው ይባላል። እኔ የማውቀው ግን ሐጂ ራሳቸው ጨርቅ በጣታቸው ዳስሰው የት እንደተሠራ እንደሚናገሩና ከሰው ጋር ለመጨዋወት ሲሉ ሥራ እንደሚፈቱ ነው። ሱቃቸው ደጃፍ ካለፍክ ሳያስቀምጡህ አይለቁህም። እወዳቸዋለሁ።

አንድ ጠዋት ሱቃቸው ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። አነሳናቸው፤ ቀይዋ ነጥብ ሐረጎን አስከፈተችልን፤ ሆስፒታል ቶሎ ገቡ። ጥቂት ቀን ተኝተው ሲሻላቸው ሐኪሙ፣ «ልባቸው ነው። ዳግመኛ ደረታቸውን ከያዛቸው እንደዚህ ቶሎ መድረስ አለባቸው፤ ከዘገዩ ኃላፊነቱን አልወስድም» አለ። ይህንን ያለው እኔና ሲስተር ተዋበች በቆምንበት ነው። ሌላ ታካሚ አድርሰን ባዶ ስንመለስ ነበርና አቶ ግርማ በስልክ፣ «ሐጂንም ቤታቸው ጣል አድርጓቸው» አሉን።

ድኖ ለሚወጣ ሰው ሲሪን አይከፈትም። አጠፋሁት። ሐጂ ቃሬዛው ላይ አልተኛም ብለው ከሲስተር ተዋበች ጎን ተቀመጡ፤ ጠያቂ ያመጣላቸውን ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። እንዳይንገላቱ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ቧንቧ ውሃ ስንደርስ፣ «ሙሄ፣ ዙህር ሳልሰግድ ቤት አልገባም፤ መስጊዱ ጋ አቁምልኝ» አሉ። አቆምኩ። ጀማዓው ሰግዶ ተበትኗል፤ መስጊዱ ባዶ ነው። እሳቸው ቁጭ ብለው፣ እኔ ቆሜ አብረን ሰገድን። ዱዓቸውን አርዝመው፣ አላህን አመስግነው፣ ተደግፈውኝ ወጡ።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ታጠፍን። ድንኳን ተተክሏል።

ወንበር ይደረደራል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ፣ ዶማና አካፋ የያዙ ጎረምሶች ወደ መቃብሩ መንገድ ጀምረዋል። ማን ሞተ ብዬ ሳልጠይቅ የቅሬው ሰዎች መኪናዋን ከበቧት። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞትም ሲታመምም የሚደርስ የሰፈር ማኅበር ነው፤ የቧንቧ ውሃው ደግሞ ለፍጥነቱ ስም ያለው ነው። አራት ትከሻ ሰፊ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ ሬሳ ለመቀበል እጃቸውን አዘጋጅተው የኋላውን በር ከፈቱት።

ሐጂ ብርቱካናቸውን እንዳቀፉ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» አሏቸው።

ከአራቱ አንዱ ቁጭ አለ። ሌላው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያለ ወደኋላ ሸሸ። ሦስተኛው ግን በደመ ነፍስ «ወዓለይኩም ሰላም» ብሎ መለሰ፤ መልሶም ራሱ ደነገጠ። ሲስተር ተዋበች፣ «አብሽሩ፣ በሕይወት አሉ! በሕይወት አሉ!» እያለች ስትጮህ ለቅሶው ወደ እልልታ ዞረ።

ሐጂ ሳቃቸው መጣ። እኔ የማውቃቸው ሐጂ ናቸው፤ ድንኳኑ መሃል ገብተው ተቀመጡና ለቀስተኛውን ባይናቸው መዳሰስ ጀመሩ። «ከማል የታለ? ጎረቤቴ ከማል? እኔ ስሞት ከማል አይመጣም ማለት ነው?» አሉ። «እየመጣ ነው ሐጂ» አላቸው አንዱ። «ይምጣ፣ ይምጣ፤ እጠብቀዋለሁ።» ከማል «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሲደርስ ሟቹ ራሳቸው ተነሥተው ተቀበሉት። ከቢስቲማ እኅታቸው ሚኒባስ ተከራይተው ሲያለቅሱ መጥተው፣ ወንድማቸውን ብርቱካን ሲልጡ ቢያዩ ወደቁ። ሲስተር ተዋበች የዕለቱን ሁለተኛ ታካሚዋን አገኘች።

ነገሩ እንዴት ሆነ? ራሱም የሚኒባስ ሹፌር የሆነው የቅሬው ሰብሳቢ ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የሐረጎን መንገድ እናሳይ ብለን የከፈትነው ካርታ ደሴ ከተማንም ይጨምራል። ሐጂ ታመው ሆስፒታል መግባታቸውን አገር ያውቃል። የሚኒባስ ሹፌሮች ስልካቸውን ሲያዩ አምቡላንሱ ከሆስፒታል ይወጣል፤ ሲሪን የለውም፤ ቀስ እያለ ወደ ቧንቧ ውሃ ይሄዳል፤ መስጊድ ደጃፍ ቆሞ ይቆያል። ነጥቧ ደግሞ እንደ ከፈን ነጭ ናት። «አንተ ብትሆን ምን ትላለህ ሙሄ? የሬሳ ሶላት እየተሰገደባቸው ነው አልን» አለኝ ሰብሳቢው። ምን እላለሁ? እኔም ብሆን አካፋ አነሣ ነበር።

ኢንጂነር ሰላም ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሽ ሙሄ፣ እኔ እኮ የሰጠኋቸው መንገድ እንዲለቁ ነው። እነሱ የሰው ሕይወት ነው ያነበቡበት» አለች።

ሐጂም በማግስቱ ሳቃቸው አለቀ። ልጠይቃቸው ብሄድ ፊታቸው ተኮሳትሯል። «ሙሄ፣ አሁን እኔ ሆስፒታል የገባሁበትን፣ የወጣሁበትን፣ የሰገድኩበትን ሁሉ የመናኸሪያ ሹፌር ቁጭ ብሎ ያየኛል?» አሉኝ። «ያይዎታል» አልኳቸው። «ሱቄ የሚመጣው ሰው ‹ሐጂ ሊሞቱ ነው› ብሎ ካወራ ከኔ ጋር ማን ይዋዋላል? ድንኳኑንስ ሳቅንበት። ወላሂ፣ ነፍሴ ብትወጣ እዚያ መኪና ላይ ዳግመኛ አልወጣም!»

ሐጂ ሲምሉ ቀልድ የላቸውም። ሐኪሙ ያለው ትዝ አለኝ። በሳቸው ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት፣ ‹አምቡላንሱን ሰው ያየዋል› ብላ በባጃጅ መጣች። ሌላው የልጁን በሽታ ጎረቤት እንዳያውቅበት ሚኒባስ ተኮናተረ። መንገዱን ከፈትን፤ ሰዉ ግን በሩን ዘጋብን።

አቶ ግርማ፣ «ሳጥኗ ትነቀል፤ እንደ ድሮአችን በሲሪናችን» አሉ። ተናደድኩ። አቶ ግርማ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «እርስዎ ሐረጎን ከሲኖትራክ ኋላ ሆነው ወጥተው ያውቃሉ? ያቺ የሐርቡ ሴትዮ ስትጮህ ሰምተዋታል?» አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እሺ፣ መንገዱም ይከፈት፣ ሰውም አይታይ። የሚሆን ከሆነ አሳዩኝ። ሐጂ ከተስማሙ እኔም ተስማምቻለሁ» አሉ።

ስለዚህ ኢንጂነር ሰላምን ይዤ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ቂም ቢይዙም እንግዳ አያቆሙም፤ ወንበር አመጡልን። እሷም ዙሪያ ጥምጥም ሳትል፣ «ሐጂ፣ አጥፍቻለሁ። ምን ቢታይ ቅር አይልዎትም?» አለቻቸው።

ሐጂ አንድ ጣቃ ጨርቅ ሳብ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «ስሚ ልጄ፤ ደንበኛ መጥቶ ሰማያዊ ሐር አለ ወይ ቢለኝ፣ ካለ አለ እለዋለሁ። መጋዘኔን ከፍቼ ከማን እንደገዛሁ፣ ምን ያህል እንደቀረኝ፣ ለማን እንደምሸጥ አሳየዋለሁ?»

«አያሳዩትም።»

«ሹፌሩ የሚፈልገው ምንድነው?»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። «ከኋላው እየመጣን መሆኑን፣ ምን ያህል እንደቀረብንና የት ቢቆም እንደሚመች። ሌላው ለወሬ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው እሱን ብቻ ስጡት» አሉ ሐጂ፤ ጨርቁንም መልሰው ጠቀለሉት።

ኢንጂነር ሰላም ሄዳ ሁሉንም አፍርሳ ሠራችው። ካርታው ጠፋ። ነጯ ነጥብ ጠፋች። መልእክቱ የሚደርሰው ሲሪን ሲከፈት ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው መንገድ ከፊታችን ላለ መኪና ብቻ። «አምቡላንስ ከኋላህ ነው፤ ከሚቀጥለው ኩርባ በኋላ ቀኝህን ያዝ» ይላል፤ ካለፍነው በኋላ ከስልኩ ላይ ይጠፋል። ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ሳጥኗ ዝም ትላለች። ከየት እንደተነሣን፣ ማን ደጃፍ እንደቆምን ከስምሪት ክፍሉ በቀር የሚያውቅ የለም። ማኅተሙ እንዳለ ነው፤ ሙሽራ አሁንም አይገባም።

አዲሱን ልናሳያቸው ስንሄድ ሐጂ ሌላ ጣጣ አመጡ። ልጃቸው ጀማል በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፤ መስመሯን ራሷ ጠብቃ የምትሄድ፣ ከፊቷ በግ ከገባ ራሷ ፍሬን የምትይዝ ዓይነት ናት። ኮምቦልቻ ከገባች ወዲህ ስንት በግ እንዳተረፈች እሱ ነው የሚያውቀው። ኢንጂነር ሰላም፣ ፈቃዳቸው ከሆነ መልእክቱን ለመኪናዋ ለራሷ ልሞክረው አለች፤ አምቡላንስ ሲመጣ መኪናዋ ፍጥነቷን ትቀንስና ቀኝ ፍሬቻ ታበራለች፤ ጥግ የሚይዛት ጀማል ነው። ሐጂ ጥቂት አሰቡና፣ «ጆሮ ስጫት፤ ምላስ ግን አትስጫት። የልጄን ውሎ ለማንም እንዳትናገር» አሉ። እንደዚያው ሆነ። ትሰማለች እንጂ አትናገርም።

«ታዲያ ሐጂ፣ መሐላዎን አነሡልን?» አልኳቸው ስንወጣ። «አየዋለሁ» አሉኝ። ሐጂ «አየዋለሁ» ካሉ እምቢ ማለታቸው ነው፤ ጨርቅ ሲገዙ ሰምቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በሱቃቸው ባለፍኩ ቁጥር ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ገርጥተዋል? ደረታቸውን ይዘዋል? ያን ያህል ነው የፈራሁላቸው።

የፈራሁት ቀን መጣ። ከሱቃቸው ሠራተኛዋ ለስምሪት ክፍሉ ደወለች፤ «ሐጂ ደረታቸውን ይዘዋል፣ ባጃጅ ጥሪልኝ ብለው ጠርቼላቸዋለሁ፤ እባካችሁ ቶሎ ኑ» አለች። በባጃጅ ሐረጎን! በረርን። ስንደርስ ሐጂ አንድ እግራቸውን ባጃጁ ውስጥ አስገብተዋል። ፊታቸው ላብ ለብሷል።

«ሐጂ፣ ይውረዱ» አልኳቸው።

«ምያለሁ ሙሄ።»

«የመሐላውን ከፋራ ሲድኑ ድሃ አብልተው ያወጣሉ። አሁን ይውረዱ!»

«ማን ያየኛል?»

«ከፊታችን የሚነዳ ሰው። እሱም መምጣታችንን እንጂ እርስዎን አያይም።»

«ቧንቧ ውሃስ?»

«ቧንቧ ውሃ ምንም አያውቅም።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ቀልድ እንደሌለብኝ ሲያረጋግጡ ክንዳቸውን ሰጡኝ። ቃሬዛው ላይ ተኙ፤ ሲስተር ተዋበች ኦክስጅኑን አደረገችላቸው። ሲሪኑን ከፈትኩት።

ሐረጎ ተከፈተልን። ሲኖትራኩ ከኩርባው አለፍ ብሎ ቆሟል፤ ሚኒባሱ ቀኙን ይዟል። የትኛውም ሹፌር አንገቱን አስግጎ ‹ማንን ነው የጫኑት?› ብሎ አላየንም፤ የሚያየው ነገር የለማ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከፊቴ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ቀኝ ፍሬቻዋ በራ፤ ከዚያ ሹፌሩ ጥግ አስያዛት። ሳልፋት ታርጋዋን አወቅኋት። ጀማል ነው። እንደ ማንም ሹፌር እጁን አውጥቶ ‹እለፍ› አለኝ።

ሲስተር ተዋበችም አይታለች። «ሐጂ፣ ያቺ የናንተ መኪና አይደለችም?» አለቻቸው። ቀና አድርጋቸው በኋላው መስኮት አዩ። ከልጃቸው እየራቅን ነበር።

«ጀማል ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «ለኔ መሆኑን ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች።

«ሳያውቅ ነው የለቀቀው?»

«አዎ ሐጂ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሲስተር ተዋበች «እጄን አጥብቀው ይዘውኛል፣ ንዳ!» ስትለኝ ነበር።

ደረስን። ሐኪሙ በጊዜ መጣችሁ አለ። ለጀማል የደወልኩለት እኔ ነኝ፤ ደሴ ገብቶ ነበርና ወዲያው መጣ። «በምን አመጣችኋቸው? ሐረጎ ላይ መንገድ ተዘግቶባችሁ ነበር?» እያለ ያስጨንቀኛል። «አልተዘጋብንም። አንተም አሳልፈኸናል» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሐጂ ድነው ሲወጡ ድንኳን አልጠበቃቸውም። የጠበቃቸው የቅሬው ሰብሳቢ ቁጣ ነው። ቁጣውም የወረደው እኔ ላይ ነበር፤ «ሐጂ ያን ያህል ታመው፣ ሆስፒታል ገብተው፣ ድነው እስኪመለሱ ቧንቧ ውሃ አይሰማም? እኛ ምን ልንሆን ነው ታዲያ? ጠያቂ ሳይኖራቸው!» አለኝ። ሐጂ ግን በሳቅ ሊሞቱ ነበር። «እንግዲህ አሁን ጠይቁኝ፤ ግቡ፣ እኔው ነኝ የምነግራችሁ» አሏቸው። የመሐላቸውንም ከፋራ አወጡ፤ ድሆችን ሲያበሉ እኔንም ከድሆቹ ጋር አስቀመጡኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። አዲስ ሹፌር ሲቀጠር አቶ ግርማን የተኩት ኃላፊ እየደወሉ ይጠሩኛል፤ ሐረጎን ላሳየው እወጣለሁ። ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን ብዙ እነግረዋለሁ። ስለ ሳጥኗ ግን የምነግረው አንድ ነው። መንገድ የሚለቅልህ ሰው ማንን እንደጫንክ ማወቅ የለበትም። መምጣትህን ካወቀ ይበቃዋል።